የሚበሰብሰውን ከመግዛታችን በፊት እንቅበረው

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር፣ በከተማችን ጽዳትና አካባቢ ጥበቃ ላይ ለምትሠሩ ሁሉ፣ ለአራዳና ለቅዳሜ ገበያ ነጋዴዎች፣ ለከተማዬም ሰው

እንደምን ሰነበታችሁ?

እኔ ከአራዳ ገበያ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ያለችኝ ሴት ነኝ። ሽሮ፣ በያይነቱ፣ የፍስክ ሲሆን ደግሞ ጥብስና ዱለት እሠራለሁ። ይኸን የምጽፈው ማታ ነው፣ ድስቱ ታጥቦ ልጆቹም ከተኙ በኋላ። የምጽፍላችሁ ፌስታልን ተክቶ ወደ ከተማችን እየገባ ስላለው ዕቃ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ አጽድቋል። ዜናውን ስሰማ እውነቴን ነው ደስ ብሎኛል። ብዙም ሳይቆይ ግን ገበያው ውስጥ ሌላ ነገር ማየት ጀመርኩ። አረንጓዴ ቅጠል የታተመበት ፌስታል። «ይበሰብሳል» የሚል ስኒ። «ከበቆሎ የተሠራ» የሚባል ማንኪያ። ዋጋቸው ከተራው ይበልጣል። ሻጮቹም «ይኸ እኮ አይከለከልም፣ አፈር ነው የሚሆነው» ይላሉ። እኔም አምኜ ገዛሁ። ገዝቼም ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ይበሰብሳል የተባለ ዕቃ ሁሉ እውነት መበስበሱ እዚሁ፣ በጎንደር አፈር ይፈተን። ለእነዚህ ዕቃዎች ከምናወጣው ገንዘብ ደግሞ የተወሰነው፣ ሁልጊዜም የሚበሰብስ ዕቃ ሲሠሩ ለኖሩት ለዚህ አገር እጆች ይድረስ።

ከፌስታል ጋር የተጣላሁበትን ቀን ላስቀድም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለፋሲካ በግ ገዛን። ሆዱ ሞላ ያለ፣ ሲያዩት የጠገበ በግ ነበር። ታረደ፣ ተገፈፈ፣ እኔም ለዱለት ጨጓራውን ተቀበልኩ። ቀድጄ ፈርሱን ስደፋ አንድ ነገር አልወጣ አለኝ። እጄን ሰድጄ ጎተትኩት። ልጆች የሚራገጡበትን የጨርቅ ኳስ የሚያህል ድብልብል ነገር ነው። ውሃ አፍስሼበት ስተረትረው ሰማያዊ ፌስታል፣ ጥቁር ፌስታል፣ ቢጫ ፌስታል፣ የማዳበሪያ ክር፣ ሁሉም እርስ በርሱ ተገምዶ እንደ ገመድ ሆኗል። የአንዱ ጽሑፍ እስካሁን ይነበባል። በጉን ያጠገበው ይኸ ነበር ማለት ነው። ሥጋው ስስ፣ ጎኑ አጥንት ብቻ። ባለቤቴ ቆሞ አየና «ይኸ እኮ ከኛው ደጅ የወጣ ነው» አለ። የዚያን ቀን ዱለት አልሠራሁም።

እውነቱን ነው፣ ከኛው ደጅ ነው የወጣው። በግ ባዶ ላስቲክ ለምን ይበላል? ሽሮ የነካው፣ ጨው የቀመሰ ፌስታል ስለሆነ ነው። እንስሳ ጨው የት እንዳለ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ፌስታል ደግሞ በየቀኑ የማስረው እኔ ነበርኩ። ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ መጥቶ «እትዬ፣ ሁለት ሽሮ የሚወሰድ» ሲለኝ ትኩሱን ከድስት ቀድቼ ስስ ፌስታል ውስጥ እጨምርና አፉን እቋጥራለሁ። እንጀራው በሌላ ፌስታል፣ ሁለቱ አንድ ላይ በሦስተኛ ፌስታል። ላንድ ሰው ምሳ ሦስት ፌስታል! አንድ እስር ሁለት ቀን አይበቃኝም ነበር። ትኩስና ቅባት ያለው ምግብ ስስ ላስቲክ ውስጥ ሲቆይ ከላስቲኩ ኬሚካል ወደ ምግቡ ሊያልፍ እንደሚችልም ያን ጊዜ አላውቅም።

ከፋሲካው በኋላ ፌስታል መያዝ አስጠላኝና ሌላ መፈለግ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ለሻይና ለጭማቂ የሚሆን፣ ጥርት ያለ እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ስኒ ነው። ከበቆሎ ነው የተሠራው አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አልዋሹኝም። ልጄ አንብባ እንዳስረዳችኝ የበቆሎው ስታርች ወደ ስኳር፣ ስኳሩ ደግሞ በባክቴሪያ ወደ ላክቲክ አሲድ ይቀየራል። እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ማለት ነው። እሱን አያይዘው ፕላስቲክ ያደርጉታል፣ ስሙም ፒ.ኤል.ኤ. ይባላል። እኔ እንግዲህ ደስ ብሎኝ ትኩስ ሻይ ቀዳሁበት። ስኒው እጄ ላይ ጎበጠ። ይኸ ፕላስቲክ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል፤ ለቀዝቃዛ ነገር ነው የሚሆነው። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ ደንበኛዬም እግዜር ይስጣት ሳትቃጠል ተረፈች።

ቀጥሎ ያን ባለ አረንጓዴ ቅጠል ፌስታል ገዛሁ። ቀጥሎ የወረቀት ስኒ። ቀጥሎ ከሸንኮራ አገዳ ገለባ የሚሠራ ነጭ ሳህን፣ እሱ ውድ ስለሆነ ጥቂት ብቻ። ሁሉንም ካየሁ በኋላ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ይበሰብሳል ካሉኝ ለምን አልቀብረውም?

የሰኔ ሚካኤል ማግስት ከጓሮዬ፣ ጎመን ከተከልኩበት ጎን፣ አንድ ክንድ የሚጠልቅ ቦይ ቆፈርኩ። በተርታ ቀበርኳቸው። የበቆሎውን ስኒ፣ ባለ ቅጠሉን ፌስታል፣ የወረቀት ስኒውን፣ የአገዳውን ሳህን። ከኛ ወገን ደግሞ ድፎ የተጋገረበት የኮባ ቅጠል፣ ያረጀ የአክርማ ስፌት ቁራጭ፣ አንድ የአቡጀዲ ቁራጭ። በየራሳቸው እንጨት ተከልኩባቸው። የፌስታሉን ጓደኛ ግን አልቀበርኩትም፤ ፀሐይ እንዲያገኘው አጥሩ ላይ አሰርኩት።

ክረምቱ ያው የጎንደር ክረምት ነው፣ አፈሩ ሲጨቀይ ከረመ። ለመስቀል ማግስት ልጆቹን ሰብስቤ አወጣነው።

የኮባው ቅጠል የለም። ጅማቱ ብቻ ጥቁር ክር ሆኖ ቀርቷል። አክርማው ጠቁሮ፣ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። አቡጀዲው ወንፊት ሆኗል። የአገዳው ሳህን ግማሹ አልቆ፣ የቀረው ረስርሶ ትል ገብቶበታል፣ እሱን ሳይ ልቤ ደስ አለው። የበቆሎው ስኒ? ታጥቦ ሻይ ቤት ሊመለስ የሚችል፣ ጥርት ያለ፣ ጫፉ እንኳ ያልተነካ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ የወረቀት ስኒው ነው። ወረቀቱ በስብሶ ሄዷል። በቦታው ግን የስኒ ቅርጽ የያዘ እንደ እባብ ቅርፊት የሳሳ ላስቲክ ቀርቷል። ለካ የወረቀት ስኒ ውሃ እንዳያሰርግ ውስጡን በላስቲክ ይለብጡታል። ልጆቹ ፀሐይ ላይ አንስተው እያዩበት «እማዬ፣ መንፈሱ ነው የቀረው» አሉኝ።

ባለ ቅጠሉ ፌስታል እንደገባ ወጣ። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ጽሑፉም ይነበባል። አጥሩ ላይ የሰቀልኩትን ደግሞ ልፈታው ስነካው እጄ ላይ ተንኮታኮተ። እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ብጥስጣሽ ሆኖ ነፋሱ ወሰደው። ጎመኔ ላይ፣ ጎረቤት ግቢ፣ የት እንደደረሰ እንጃ። አንዲቱን እንኳ መልሼ መልቀም አልቻልኩም።

ይኸን ልዩነት እባካችሁ በደንብ ያዙልኝ። መሰባበር ሌላ ነው፣ መበስበስ ሌላ ነው። እንደዚህ ያለ ጠባይ የሚያሳይ ፌስታል በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ተራ ላስቲክ ሆኖ እንደ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያለ የብረታ ብረት ጨው ይጨመርበታል፤ ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ ይደርቅና ይበጣጠሳል። ተበጣጥሶ ግን ያው ላስቲክ ነው፣ ደቃቅ ከመሆኑ በቀር። ትልቁን ፌስታል በግ ሲበላው ቢያንስ ጎትቼ አወጣሁት። ደቃቁን ማን ከምን ይጎትተዋል? የአውሮፓ ኅብረት ይኸን ዓይነቱን ከእ.ኤ.አ. 2021 ሐምሌ ጀምሮ ከገበያ አግዶታል። እነሱ ያገዱት ዕቃ እኛ ዘንድ አረንጓዴ ቅጠል ለብሶ እንዲገባ መፍቀድ የለብንም።

የበቆሎው ስኒ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እሱ በእርግጥ ይበሰብሳል፣ ግን የሚበሰብስበት ቦታ ያስፈልገዋል። በፋብሪካ ደረጃ የሚዘጋጅ ትልቅ የኮምፖስት ክምር፣ ሙቀቱ 58 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ለሳምንታት የሚቆይ። የአውሮፓው መመዘኛ ዕቃውን የሚፈትነው እንደዚያ ባለ ሁኔታ ነው። የኛ አፈር ደጋ ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ነው የተቀመጠችው፣ ጓሮዬ 58 ዲግሪ አይደርስም፣ የቀሃ ወንዝም አይደርስም። ስለዚህ ዕቃው ላይ የተጻፈው ውሸት ባይሆንም ለኛ የተጻፈ አይደለም።

ሕጉንም ልጄ አውጥታ አንብባልኝ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ፣ ቁጥር 513፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ በተፈጥሮ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና ወደ አገር እንዳይገባ ፈቃድ ይከለክል ነበር። 1999! ልጄ ያኔ አልተወለደችም። ስስ ፌስታል ግን ይኸው እስካሁን ገበያው ውስጥ አለ። «የሚበሰብስ» የምትለዋ ቃል ማን መርምሮ እንደሚያጸድቃት ካልታወቀ በር ሆና ትቀራለች፤ ነገ ሁሉም በዚያ በር ይገባል።

አሁን ወደ ሚያስደስተኝ ነገር ልምጣ።

ፌስታል የቅርብ ነገር ነው። ዛሬ የምናውቀው ባለ ጆሮው ፌስታል ለአንድ የስዊድን ኩባንያ የፈጠራ መብት የተሰጠበት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። እናቴ ከዚያ በፊት ነው የተወለደችው። ታዲያ ገበያ በምን ይወጣ ነበር? ስንቅ በምን ይቋጠር ነበር? መልሱ ሩቅ አይደለም፣ ጎረቤቴ ቤት አለ። እማማ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ወስፌያቸው ግን አልደከመችም። በር ላይ ተቀምጠው ስንደዶውን ውሃ ውስጥ ነክረው ያለሰልሱታል፣ አክርማውን እየሰነጠቁ ይጠመጥሙበታል፣ ወስፌዋን ሰክተው፣ ቀዳዳዋ ሳትዘጋ አክርማውን አሳልፈው ጠበቅ ያደርጉታል። ጭርት፣ ጭርት የሚል ድምፅ አለው። አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር። እንዲህ ሆኖ የተሰፋ አገልግል ቆዳ ሲለብስ ወጥ እንኳ ይዞ መንገድ ይሄዳል። ዕድሜው ደግሞ! የእናቴ አገልግል ከኔ ይበልጣል።

አንድ ቀን «እማማ፣ ለምግብ ቤቴ ትናንሽ አገልግል ቢሰፉልኝስ?» አልኳቸው። ሳቁና «የኔ ዓለም፣ ሰው ፌስታል በነጻ እያገኘ አገልግል ማን ይገዛል?» አሉኝ። ገዛሁ። ዛሬ ስድስት አሉኝ። እንጀራ የሚወስድ ደንበኛ መያዣ ገንዘብ አስይዞ በአገልግል ይወስዳል፣ ሲመልስ ገንዘቡን ይቀበላል። ወጡን ባለ ክዳን የብረት ምሳ ዕቃ ውስጥ አደርገዋለሁ፣ ያውም በመያዣ ነው። ይኸ አዲስ ብልሃት አይደለም። ለስላሳና ቢራ ስንገዛ ባዶ ጠርሙስ መልሱ እንባል የለ? ሁላችንም ያደግነው ጠርሙስ ስንመልስ ነው። አንድ ልጨምር፣ እንጀራው በፌስታል ሲታሰር ያልበዋል፣ በማግስቱ ይሻግታል። በአገልግል ግን ይተነፍሳል። ደንበኞቼ ይኸን ራሳቸው ነው የነገሩኝ።

አገልግል ውድ ነው ትሉኛላችሁ። ነው። ለቲማቲምና ለሽንኩርት አገልግል አያስፈልግም። ለሱ አቡጀዲ አለ። ገበያው ውስጥ በእግር መኪና የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች አሉ፣ ከጎናቸው የጨርቅ ቁርጥራጭ ተከምሮ ነው የሚውለው። ከዚያ ላይ ለኔ ሃያ ከረጢት ሰፉልኝ፣ ታጥፎ ኪስ ውስጥ የሚገባ። ሲቆሽሽ ይታጠባል። ሲያልቅ ጨርቅ ነው፣ አፈር ይበላዋል፤ ጓሮዬ ውስጥ አይቼዋለሁ።

ቅቤ በቅጠል ተጠቅልሎ ገበያ ሲመጣ አሁንም እናያለን። ድፎ በኮባ ይጋገራል፤ ኮባው ለሽታው ብቻ አይደለም፣ ሊጡ እንዳይጣበቅ፣ ዳቦው እንዳያር ይይዘዋል። ጉራጌዎች ክትፎውን በኮባ ያቀርባሉ፣ ከዚያ የሚያምር ማቅረቢያ አላየሁም። እኔም ጥብሱን በሸክላ ላይ ለሚበላ ሰው ከወለቃ የመጣ ሸክላ ነው የማቀርበው። ወለቃ እኮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናት፣ በደባርቅ መንገድ። ቱሪስት ሲመጣ ቆሞ ፎቶ ያነሳል፣ ትንሽ ቅርጽ ይገዛል። እኛ የከተማው ሰዎች ግን ስኒና ሳህን የምንገዛው ከሌላ ቦታ ነው።

ሁሉንም ፕላስቲክ እንጣል እያልኩ አይደለም፣ ይኸንንም በግልጽ ልናገር። ጄሪካን ባይመጣ የእናቴ ወገብ እስከዛሬ በእንስራ ይታጠፍ ነበር። ባዶ እንስራ ራሱ ሸክም ነው። ጄሪካን ዓመታት ያገለግላል፣ ሲሰነጠቅ በሻማ እሳት ያጣብቁታል፣ ሲያልቅ ቆራሌው ይወስደዋል። ክፉው አስር ደቂቃ አገልግሎ መቶ ዓመት የሚቀመጠው ነው። እሱን ደግሞ ለአስር ደቂቃ በሚያገለግል ሌላ ዕቃ መተካት ብዙ አያራምደንም፣ ከበቆሎም ይሠራ ከሌላ። ደጋግሞ የሚሠራ ዕቃ ይቀድማል። የሚጣል የግድ ሲሆን እንደ አገዳው ሳህን ያለ እውነተኛ የሚበሰብስ ይሁን፤ እሱንም ስንገዛ ቅባት እንዳያሰርግ ምን እንደተቀባ እንጠይቅ፣ አንዳንዱ በቀላሉ የማይጠፋ ኬሚካል ይቀባል።

ስለ አገዳው ሳህን ካነሳሁ አይቀር፣ አገዳ የምንጨምቅ አገር ነን። ወንጂ አለ፣ መተሐራ አለ፣ ፊንጫ አለ፣ በኛው ክልል ጣና በለስ አለ። የተጨመቀው ገለባ ፋብሪካው ውስጥ ለማገዶ ይነዳል። ከሱ ጥቂቱ ሳህን ቢሆን ከውጭ ባላስመጣን ነበር። የጤፍ ጭዱስ? ከጭቃ ጋር ሲቦካ ቤት ያቆማል፣ ለሳህን የሚሆን ነገር አይጠፋውም። ይኸን የሚያውቁ ይሞክሩት፣ እኔ ምግብ ሠሪ ነኝ።

እምቦጭንም ሳላነሳ አላልፍም። ከተማችን ላይ የሚጣል ፌስታል በጎርፍ ወደ ቀሃና አንገረብ ይገባል፣ እነሱ ወደ መገጭ፣ መገጭ ጣና። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. መካከል ነው፣ ያውም በሰሜኑ በኩል፣ መገጭ በሚገባበት አካባቢ። የደምቢያ ገበሬ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ሁላችንም አይተናል። የነቀለው ዳር ላይ ተከምሮ ይቀራል። በሌሎች አገሮች፣ በታይላንድና በፊሊፒንስ፣ የእምቦጩን አገዳ አድርቀው ቅርጫትና ቦርሳ ይሠሩበታል። ከመቶው 90 የሚሆነው ውሃ ስለሆነ እርጥቡን መጫን አያዋጣም፤ እዚያው ዳር ላይ መድረቅ አለበት፣ ዘሩና ሥሩም ወደ ሌላ ውሃ እንዳይሄድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደንገልን ታንኳ ያደረገ ሕዝብ ነው ጣና ዳር ያለው። ከዚህ ሕዝብ እጅ እምቦጭን ቅርጫት ማድረግ አያቅትም። ጣና በእምቦጭ ቅርጫት ይድናል ብዬ አልዋሽም፣ እምቦጩ እጅግ ብዙ ነው። ግን ነቅለው ለሚደክሙት ቤተሰቦች ትንሽ ገቢ ትሆናለች።

እንግዲህ የምጠይቃችሁን ልጠይቅ።

የከተማው ኃላፊዎች፣ ቁጥጥሩ ሲጀመር ከጉሊት እናቶች አትጀምሩ፣ በእግዚአብሔር። መሬት ላይ አራት መደብ ቃሪያና ሎሚ ዘርግታ የምትውል ሴት ፌስታል አታስመጣም። የጅምላ አከፋፋዩ መጋዘን የት እንዳለ ይታወቃል። እሷን ከመቅጣታችሁ በፊት በእጇ ምትክ ይኑራት። ከሥራ አጥ ወጣቶችና ሴቶች ማኅበራት ጋር የአቡጀዲ ከረጢት ይሰፋ፣ መጀመሪያ በዝቅተኛ ዋጋ ለጉሊት ይድረስ። ለስብሰባና ለሥልጠና በየመሥሪያ ቤቱ የሚገዛው የታሸገ ውሃና የላስቲክ አቃፊ ቀርቶ፣ ማሰሮና ብርጭቆ፣ የጨርቅ ቦርሳ ቢሆን በዚያ ብቻ ስንት ሰው ሥራ ያገኛል።

ዩኒቨርሲቲያችን ደግሞ ላቦራቶሪ አለው፣ መምህራን አሉት፣ ተማሪዎች አሉት። እኔ በእንጨት ምልክት ያደረግኩትን እናንተ በወጉ አድርጉት። ገበያው ላይ ይበሰብሳል ተብሎ የሚሸጠውን ሁሉ ሰብስባችሁ፣ በጎንደር አፈር፣ በጎንደር ሙቀት፣ ክረምትም በጋም ፈትኑና የትኛው እንደበሰበሰ የትኛው እንዳልበሰበሰ በአማርኛ ለጥፉልን። አንድ ገጽ ይበቃል። ገበያው በር ላይ ቢለጠፍ ነጋዴውም ገዢውም ያነበዋል።

ጥምቀትን በተለየ አነሳዋለሁ። በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው፣ ዓለም ወደኛ የሚመጣበት ቀን ነው። በጥር 11 ጧት፣ ጥምቀተ ባሕሩ ተባርኮ ወጣቱ እየዘለለ ሲገባ አይቶ የማያለቅስ የለም። ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ታቦቱን አጅቦ ሲሄድ ግን ዛፎቹ ሥር ምን እንደሚቀር ታውቃላችሁ። ሃይላንድ፣ የቆሎ ፌስታል፣ የላስቲክ ሰንደቅ። ከተራው ሳይደርስ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ብንነጋገርበት ቆሎ ሻጮች በወረቀት ይጠቀልላሉ። የቧንቧ ውሃ ባለ መክፈቻ በርሜል ውስጥ ተሞልቶ ቢቆም ሰው የራሱን ዕቃ ይዞ ይመጣል። የሰንበት ተማሪዎች ምንጣፍ ያነጥፉ የለ? እነሱን ብትለምኗቸው ባዶ ሃይላንድ በመያዣ ይሰበስባሉ። ጸበል በቤቱ ዕቃ የሚወስድ ሰውም ብዙ ነው፣ እናቶቻችን በቅል ነበር የሚወስዱት።

ነጋዴ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ፌስታል ሳትጠየቁ አትስጡ። ይኸ ብቻ ብዙ ነው። እኔ አንድ ወር «ፌስታል ይፈልጋሉ?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ፣ ስንቱ «አይ፣ ይኸው ከረጢት ይዣለሁ» ወይም «በእጄ ይዤው እሄዳለሁ» እንዳለኝ ባይ ገረመኝ። ስንሰጥ የኖርነው ሰው ስለፈለገው አልነበረም፣ እጃችን ስለለመደው ነው። ገዢ ደግሞ፣ ምሳ ዕቃህን ይዘህ ና። ምሳ ዕቃ ይዞ ለሚመጣ እኔ ጭልፋ ጨምሬ ነው የምቀዳለት።

ዘንድሮም እቀብራለሁ። አሁን በዝርዝሩ ላይ ሰባት ነገር አለ፤ አዲስ የመጣ የማንኪያ ዓይነት፣ ሁለት ፌስታል፣ አንድ የሻይ ስኒ፣ ከእምቦጭ የተጎነጎነ ገመድ፣ የወለቃ ስኒ ስባሪ፣ እማማ የሰጡኝ ያረጀ የሰፌድ ክፈፍ። ቦዩ የሚዘጋው በሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው። ማስቀበር የምትፈልጉት ዕቃ ካለ አምጡት፣ ስሙን ጽፌ እንጨት እተክልበታለሁ። የሚወጣው ለመስቀል ማግስት ጧት ሦስት ሰዓት ነው፤ ቡና ይኖራል፣ ድፎም በኮባ እጋግራለሁ። የከተማው ኃላፊዎችም መጥታችሁ በእጃችሁ አውጡት።

አክባሪያችሁ፣
ከአራዳ ጎንደር